የአባት የመጨረሻ ሥራ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪዎች የተነበበ ንግግር)

የንግግራችን ርእስ የአንድ አባት የመጨረሻ ሥራ ነው። ሰውየው የሩቅ አገር ሰው ቢሆንም፣ የደረሰበት ነገር ግን በማንኛችንም ቤት ሊደርስ የሚችል ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዩሊሲስ ግራንት የሚባለውን ስም በታሪክ ትምህርት ጊዜ ሰምተነዋል። ከ1861 እስከ 1865 በተደረገው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑን ሠራዊት እየመራ ድል ያደረገ፣ ከ1869 እስከ 1877 ደግሞ የአገሩ 18ኛ ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው ነው። ነገር ግን ታላላቅ ሰዎችን በጦር ሜዳና በሥልጣን ወንበር ብቻ ማወቅ ግማሽ ማወቅ ነው። ለመሆኑ በቤቱ ውስጥ ምን ዓይነት ባልና ምን ዓይነት አባት ነበር? ሞት በደጁ በቆመ ጊዜስ ምን አደረገ? ዛሬ ልናስታውሰው የፈለግነው ይህን ነው።

ግራንት በ1822 በኦሃዮ ግዛት ተወለደ፤ አባቱ ቆዳ ፋቂ ነበር። የጦር ትምህርቱን ጨርሶ መኮንን ከሆነ በኋላ በ1848 ጁሊያ ዴንት የምትባል ወይዘሪት አገባ። ሦስት ወንዶች ልጆችና አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። በ1852 ወደ ሩቁ የፓሲፊክ ጠረፍ በተላከ ጊዜ ጁሊያ ሁለተኛ ልጃቸውን አርግዛ ስለ ነበረ አብራው ልትሄድ አልቻለችም። ደመወዙም ቤተሰቡን ለማስመጣት አልበቃ አለ። ከሚስቱ ተለይቶ፣ የተወለደለትንም ልጅ ሳያይ ሁለት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ፣ በ1854 የመኮንንነት ሥራውን ለቅቆ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በሴንት ሉዊስ ከተማ አጠገብ አረሰ፤ እርሻው አልሆን ቢለው እንጨት እየፈለጠ በከተማው መንገድ ሸጠ። በዚያ የችግር ዘመን አንድ ባሪያ ነበረው። ሸጦት ብዙ ገንዘብ ሊያገኝበት ሲችል በ1859 በሕግ ነፃ አወጣው።

ከጦርነቱና ከፕሬዚዳንትነቱ በኋላ ግራንት ከቤተሰቡ ጋር በኒው ዮርክ ተቀመጠ። ሁለተኛ ልጁ ፈርዲናንድ ዋርድ ከሚባል ሰው ጋር በሚሠራበት ኩባንያ ውስጥ ያለውን ገንዘብ አገባ። ዋርድ ግን አታላይ ነበር፤ የአንዱን ገንዘብ ለሌላው ትርፍ ነው እያለ ይከፍል ነበር። በ1884 ኩባንያው በድንገት ከሠረ። ግራንት ኩባንያውን ያድናል ብሎ ዊልያም ቫንደርቢልት ከሚባለው ባለጸጋ የተበደረው 150,000 ዶላርም አብሮ ጠፋ። አበዳሪው ዕዳውን ልተውልህ ቢለው ግራንትና ሚስቱ እሺ አላሉም፤ ሰይፎቹንና የተሸለማቸውን ስጦታዎች ሳይቀር አስረከቡት። በዚያን ዘመን ለቀድሞ ፕሬዚዳንት የሚሰጥ ጡረታ አልነበረም።

መከራው በዚህ አላበቃም። በዚያው ዓመት በበጋ ኮክ ሲበላ ጉሮሮውን ክፉኛ አመመው። ያልፋል ብሎ ሐኪም ዘንድ በቶሎ ሳይሄድ ወራት አለፉ። በኋላ ሲመረመር የጉሮሮ ነቀርሳ፣ ዛሬ ካንሰር የምንለው ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙም የሕመሙን ክብደት አልደበቀውም።

እንግዲህ ይህ ሰው ምን ያድርግ? ገንዘብ የለው፤ ዕድሜ የለው፤ ሚስቱን ግን ሜዳ ላይ ጥሏት መሄድ አልወደደም። በሕይወቱ ያየውንና የሠራውን በመጽሐፍ ለመጻፍ ቆርጦ ተነሣ። ማርክ ትዌይን በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ታላቅ ደራሲ መጽሐፉን ለማሳተም ቀርቦ፣ ከተጣራው ትርፍ ከመቶ 70 እጁ ለግራንት እንዲሆን ተዋዋሉ።

ከዚህ በኋላ የነበረው ጊዜ ከጦርነቱ የማይተናነስ ትግል ነበር። መብላት አቃተው፤ ውሃ መዋጥ እንኳ እንደ እሳት አቃጠለው። እንቅልፍ የሚያገኘው በመድኃኒት ነበር። አቅም ሲያገኝ በእጁ ይጽፋል፤ እጁ ሲደክም እየተናገረ ያስጽፋል፤ ድምፁ ሲዘጋ እንደ ገና እርሳስ ያነሣል። የበኵር ልጁ ፍሬድሪክ ከአጠገቡ ሳይለይ ሰነድ ይፈልግለትና ቀን ያመሳክርለት ነበር። በጁን ወር 1885 ማውንት ማክግሬገር ወደሚባለው ነፋሻ ተራራ ወሰዱት። በዚያም በረንዳ ላይ በመቀመጫው ተደግፎ፣ ከሐኪሞቹና ከቤተሰቡ ጋር በቁራጭ ወረቀት እየተነጋገረ ሥራውን ቀጠለ። መጽሐፉን በፈጸመ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ጁላይ 23 ቀን 1885፣ ሚስቱና ልጆቹ በአልጋው ዙሪያ እንደ ቆሙ ዐረፈ። ዕድሜው 63 ዓመት ነበር።

በሁለት ቅጽ የታተመው መጽሐፍ ከ300,000 በላይ ተሸጠ። ጁሊያም ከ400,000 ዶላር የሚበልጥ ገንዘብ አገኘች። ከሞተ በኋላ ግን በልብሱ ኪስ ውስጥ ለእርሷ የጻፈው ደብዳቤ ተገኝቶ ነበር። በደብዳቤው ልጆቻቸውን በቅን መንገድ እንድትመራ አደራ ይላታል፤ ልጆቹ ታመው ከሚያይ ይልቅ ከእውነትና ከክብር መንገድ ቢወጡ የበለጠ እንደሚያዝን ይገልጽላታል። ጁሊያ በ1902 ስትሞት፣ እርሱ እንደ ተመኘው፣ በኒው ዮርክ ከጎኑ ተቀበረች።

የተከበራችሁ ወላጆች፤

ከዚህ ታሪክ ልናነሣው የምንፈልገው ትልቅ ነገር አለ። በአገራችን ከባድ ሕመም ሲመጣ ለታማሚው እውነቱን መንገር ጭካኔ ይመስለናል። ቤተሰቡ በጓዳ እያለቀሰ ይመክራል፤ ታማሚው ዘንድ ሲገባ ግን ፊቱን አጥቦ «ይሻልሃል» ይላል። ታማሚውም ሁሉ ገብቶት፣ እንዳያሳዝናቸው ብሎ ያልገባው መስሎ ይተኛል። እንዲህ ሆነው የሚዋደዱ ሰዎች ልባቸው ያለውን ሳይነጋገሩ ይለያያሉ። ግራንት እውነቱን ስላወቀ የቀረችውን ጊዜ ሠራባት። ታማሚ ሁሉ መጽሐፍ ይጽፋል አንልም። ነገር ግን ይመርቃል፤ የተቀየመውን ይቅር ይላል፤ ዕዳውንና አደራውን ያስታውቃል፤ ለልጁ ሊነግረው የፈለገውን ይነግራል። ሊያውቅ ለሚወድ ሰው እውነቱን በፍቅርና በለዘበ ቃል መንገር ይህን ጊዜ መስጠት ነው። ስለዚህ ልጆች ናቸው ብላችሁ ሕመማችሁን አትደብቁን፤ ከአልጋችሁ አጠገብ የምንቆምበትን ጊዜ አትንፈጉን ብለን እንለምናችኋለን።

ለእኛ ለተማሪዎችም ድርሻ አለን። ፍሬድሪክ አባቱን ከሞት ሊያድነው አልቻለም፤ ሥራውን እንዲፈጽም ግን ረዳው። ማስታመም ትራስ ማስተካከልና ወጥ ማቅረብ ብቻ አይደለም፤ ታማሚው የጀመረውን እንዲጨርስ እጅ መስጠትም ማስታመም ነው። ደግሞም ግራንት ሲጋራ አብዝቶ ያጨስ ነበር። በ1862 በድል ዝናው ሲሰማ ሕዝቡ በፍቅር ሲጋራ በየሣጥኑ ይልክለት ነበርና። ትምባሆ የአፍና የጉሮሮ ካንሰር እንደሚያመጣ ዛሬ በእርግጥ ታውቋል። እንግዲህ የሚያጨስ አባት ያለው ከመካከላችን አንዱ ቢኖር፣ በአክብሮት ይለምነው፤ ጉሮሮው የቆሰለበትም ቶሎ ሐኪም ዘንድ ይሂድ ይበለው።

አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። የግራንት ስም የዋለው በድሉ ብቻ አይደለም፤ በበረንዳው ላይ በያዛት እርሳስም ነው። እኛም ዛሬ በእጃችን ያለችውን እርሳስ ለወላጆቻችን ክብር እንድንሠራባት ይሁን።