የአዋሽና የሰመራ ቤቶች ምን ያስተምሩናል?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተነበበ ንግግር)



ስለ ልማት በተነጋገርን ቍጥር አብዛኛውን ጊዜ የምንቈጥረው ሕንፃ ነው። ስንት ፎቅ ተሠራ፤ ስንት ኪሎ ሜትር አስፋልት ተነጠፈ እንላለን። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ሰው ቀትር ላይ መቀመጥ ይችላል ወይ፤ ጎረቤትስ ከጎረቤቱ የሚገናኝበት ጥላ አለው ወይ ብለን ግን ከቶ አንጠይቅም። ዛሬ ይኸን ጥያቄ በአዋሽ ሸለቆ ስላሉት ሁለት ከተሞች፤ ስለ አሮጌው አዋሽ ሰባትና ስለ አዲሲቱ ሰመራ ልናቀርብላችሁ እንወዳለን።

አዋሽ ሰባት የምድር ባቡር ልጅ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። አዋሽም በዚሁ መካከል፤ ሐዲዱ የወንዙን ገደል በድልድይ ከሚሻገርበት አጠገብ፤ የጣቢያ ከተማ ሆኖ ተቈረቈረ። በቀድሞው ጊዜ ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም ነበርና ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፤ ሁለተኛውን በአዋሽ ያድር ነበር። ስለዚህ በጣቢያው ዘንድ «ቡፌ» የተባለው ማረፊያ ተሠራ። የሠራተኛው ሰፈር፤ ሱቁ፤ ሻይ ቤቱና ገበያውም ተከተሉ።

የሸሚን ደፈር ሰዎች ከሠሩት ሁሉ ለኑሮ የጠቀመው በረንዳው ይመስለናል። በረንዳ ግድግዳውን ከፀሐይ ይጋርዳል፤ ነፋስ ያስገባል፤ ከሁሉም በላይ የማንም ያልሆነ፤ የሁሉም የሆነ መቀመጫ ነው። የኩባንያው የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ቢሆንም፤ በጣቢያው ጥላ ሥር አፋርኛው፤ ኦሮምኛው፤ አማርኛውና ሶማሊኛው ይቀላቀል ነበር።

ይኸን ስንል የባቡሩን ዘመን ያለ ነቀፋ ማወደሳችን አይደለም። ሐዲዱ የተዘረጋው ለንግድ እንጂ ለአርብቶ አደሩ ታስቦ አልነበረም። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላም የጥጥና የሸንኰራ እርሻ በወንዙ ዳር ሲስፋፋ፤ አፋሩና ከረዩው በበጋ ከብቱን የሚያሰማራበት ለምለም መሬት ጠበበበት። ልማት ከመጣ ለማን መጣ ብሎ መጠየቅ እንግዲህ የዛሬ ነገር አይደለም።

ዛሬ አሮጌው ባቡር ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ መመላለሱን ካቆመ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር በራሱ ሐዲድና በራሱ ጣቢያ ያልፋል። አሮጌው ሰፈር የተወለደበትን ምክንያት አጣ። ታዲያ ይፍረስን?

ሰመራ የተወለደችው በሌላ መንገድ ነው። የአፋር ክልል መቀመጫ አስቀድሞ የአውሳ ሱልጣኖች ከተማ አሳይታ ነበረች። አሳይታ ወደ ጅቡቲ ከሚወስደው አውራ ጎዳና ገባ ያለች ስለሆነች፤ በጎዳናው ዳር በገላጣው ሜዳ ላይ አዲስ ከተማ ተተልሞ መቀመጫው ወደዚያ ተዛወረ። መሥሪያ ቤቶች ተሠሩ፤ በ2000 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፤ አውሮፕላን ማረፊያም ተደረገ። ይኸ ታላቅ ሥራ ነው፤ አናቃልለውም። ነገር ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር፤ የሲሚንቶና የቆርቆሮ ቤት ቀን የዋጠውን እሳት ሌሊት በተኛው ሰው ላይ ይመልሰዋል። መብራት የጠፋ እንደሆነ ማቀዝቀዣውም አብሮ ይጠፋል። ሰፊው ጎዳና ለመኪና ይመቻል፤ ለእግረኛ ግን ጥላ የለውም። የከባድ መኪና ነጂዎች የሚያርፉባት ጎረቤቷ ሎግያ ግን በጎዳናው ዳር በሻይ ቤትና በዳስ አድጋ፤ ዛሬ ከሰመራ ጋር በአንድ አስተዳደር ሥር ናት።

ከሁለቱም ከተሞች በፊት ግን በዚያ ሸለቆ የታወቀ አሠራር ነበር፤ ዛሬም አለ። የአፋር ቤት «አሪ» ይባላል። የተጐበጡ እንጨቶች ተሰካክተው በዘንባባ ሰሌን ይሸፈናሉ። ሰሌኑን የምትሠራ፤ ቤቱን የምትተክል፤ ሲነቀልም በግመል የምትጭን ሴቲቱ ናት። ሲሞቅ የሰሌኑን ጠርዝ ገለጥ ያደርጉታል፤ ነፋስ ይገባል። ኑሮውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን በሥርዓት ይነጋገራሉ፤ ይኸውም «ዳጉ» ነው። ዳጉ እውነትን ይጠይቃል፤ ጥላና መቀመጫም ይጠይቃል። ጥላ የሌለው ከተማ የሰውን ወሬ ብቻ ሳይሆን መተማመኑንም ይቀንስበታል።

ሌላም ብርቱ ምክንያት አለ። መጋቢት 1961 ዓ.ም. ከዛሬዋ ሰመራ ብዙ የማትርቀውን ሰርዶን የመሬት መንቀጥቀጥ አፈረሳት፤ 40 ያህል ሰውም ሞተ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ምድር ለወራት ተንቀጠቀጠች፤ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች፤ በኦሮሚያም በኩል፤ በአሥር ሺህ የሚቈጠር ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። ያለ በቂ ማያያዣ የተካበ የድንጋይ ግድግዳ ሲናድ ሰው ይገድላል፤ ሰሌን ቢወድቅ ግን እንደ ገና ይተከላል።

«እንግዲህ ሁላችንም በሰሌን ቤት እንኑር ማለታችሁ ነውን?» የሚለን አይጠፋም። አይደለም። ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት በሰሌን አይሠራም። የምንለው፤ አሪ የሚያስተምረውን ሦስት ነገር፤ ማለት ጥላን፤ ነፋስንና ቅለትን፤ በብረትም በሲሚንቶም ቢሆን እንጠብቅ ነው። የአገራችን የሕንፃ ደንብ ለስምጥ ሸለቆ ጥብቅ መለኪያ አውጥቷል፤ የሚቀረው ለሹም ቤት ብቻ ሳይሆን ለድኻውም ቤት እንዲሠራበት ማድረግ ነው።

ስለዚህ ሦስት አሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፤ የአዋሽ የጣቢያ ሰፈር ከመፍረስ ይልቅ ተጠግኖና ተጠናክሮ ለቤተ መጻሕፍት፤ ለገበያና ለመሰብሰቢያ ይዋል። ሁለተኛ፤ በሰመራ ከእያንዳንዱ አዲስ ሕንፃ ጋር በረንዳና ዛፍ አብሮ ይታቀድ። ሦስተኛ፤ ለተፈናቀሉት ቤት ሲሠራ፤ ቤት መሥራት የምታውቀው የአፋር እናት ሠርተን የምንሰጣት ተመልካች ሳትሆን፤ ከዕቅዱ ጠረጴዛ የምትቀመጥ ባለሙያ ትሁን።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ነገ እርሳሱን የምንይዘው እኛ ነን። የተማርንባቸው መጻሕፍት አብዛኞቹ ብርድን ለመከላከል በሚደክሙ አገሮች የተጻፉ ናቸው። ከእነርሱ መማራችን መልካም ነው። ነገር ግን ለሰመራ መስኮት ከመሣላችን በፊት፤ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ እዚያ የሚኖረውን ሰው መጠየቅ ዕውቀታችንን አያሳንሰውም። በማኅበራችን ውስጥ ያሉ የምሕንድስናና የሕንፃ ሥራ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራቸውን በእነዚህ ሁለት ከተሞች ላይ እንዲያደርጉ፤ መምህሮቻችንም እንዲመሩን በትሕትና እንለምናለን።