ወደ ነርስነት ትምህርት ለሚገቡ ተማሪዎች
(የጁቤ ላይ በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



ሥራዬ ነርስነት ነው። ከእናንተ መካከል ወደዚሁ ትምህርት ለመግባት የምታስቡ ስላላችሁ፣ እዚያ የሚጠብቃችሁን እንድነግራችሁ ታዝዣለሁ። የማውቀውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግራችኋለሁ።

አስቀድሜ ግን ለወላጆች አንድ ቃል ልበል። «ልጄ ዶክተር ይሆናል ስል ነርስ ሆኖ ቀረ» እያሉ የሚያዝኑ አባቶች አሉ። በሽተኛ ማጠብና አንሶላ መለወጥ የዝቅተኛ ሰው ሥራ መስሎ ስለሚታያቸው ነው። ነገር ግን የንጉሠ ነገሥት ልጅ የነበሩት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ፣ በጠላት ወረራ ምክንያት ወደ እንግሊዝ አገር ከተሰደዱ በኋላ፣ ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ማስታመምን ተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1939ም የሕፃናት ነርስ ሆኑ። የንጉሥ ልጅ ያልናቀችውን ሥራ እኛ ልንንቀው አይገባም። በጎረቤታችን በጎንደርም እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ ከጤና መኰንኖች ጋር ነርሶችን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ዛሬም ሴቱም ወንዱም ይህን ትምህርት ይማራል።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልመለስ። መጀመሪያ የሚጠብቃችሁ ብዙ ንባብ ነው። ስለ ሰው አካል አሠራር፣ ስለ ተሐዋስያን፣ ስለ መድኃኒት በእንግሊዝኛ ትማራላችሁ። «ነርስ ለመሆን ሒሳብ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ተማሪ ካለ ይህን ያስብ። በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 250 ሚሊ ግራም ያለበት ሽሮፕ ቀርቦ፣ ለሕፃኑ 125 ሚሊ ግራም ይሰጠው ቢባል፣ የሚሰጠው 2.5 ሚሊ ሊትር ነው። ነጥቧን የረሳ ሰው 25 ሚሊ ሊትር ይሰጣል፤ ይህ አሥር እጥፍ ነው። በክፍል ውስጥ ነጥብ ብትረሱ አንድ ማርክ ትቀነሳላችሁ፤ በሆስፒታል ግን የምትጐዱት ሰውን ነው።

ሁለተኛው የእጅ ሥራ ነው። እጅ መታጠብን እንኳ እንደ አዲስ ትማራላችሁ፤ በሳሙናና በውሃ ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ ይፈጃል። በሽተኛው ተኝቶ ሳለ አንሶላ መለወጥ፣ መርፌ መውጋት፣ ቁስል መጥረግ ትለማመዳላችሁ። ከሰው ፊት ከመቅረባችሁ በፊት በሰው አምሳል በተሠራ አሻንጉሊት ላይ ትሞክራላችሁ።

ሦስተኛው የሕሙማን ክፍል ነው። ሽታው ይከብዳል፤ ደም አይቶ የሚያዞረውም አለ። ቢያዞራችሁ ቶሎ ተቀመጡ፤ ነውር አይደለም። ቁርስ ሳትበሉ አትግቡ፤ ሰዓት በእጃችሁ ይኑር። ትናንት ያጫወታችሁ በሽተኛ ዛሬ አልጋው ባዶ ሆኖ የምታገኙበት ቀንም ይመጣል። ያን ቀን ብታለቅሱ አይፈረድባችሁም፤ ነገር ግን በሚቀጥለው አልጋ ላይ ያለው በሽተኛ ይጠብቃችኋል።

ከሁሉ የሚበልጠውን ግን በራሴ ላይ ከደረሰው ልንገራችሁ። ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ በአንድ ሆስፒታል የወሊድ ክፍል የሌሊት ተራ ደረሰኝ። አንዲት ወጣት እናት በሰላም ተገላገለች። የደም ግፊቷንና የደም ሥሯን ትርታ በየ15 ደቂቃው እየለካሁ እንድጽፍ ታዘዝሁ። ሁለት ጊዜ ለካሁ፤ ደኅና ነበረች። ሦስተኛው ሰዓት ሲደርስ ሌላ ምጥ የያዛት ሴት ትጣራ ነበር፤ እኔም ደክሞኝ ነበር። ስለዚህ ሳልለካ የፊተኛውን ቁጥር ደግሜ ጻፍሁና ሄድሁ።

ጥቂት ቈይቶ የተራው ኀላፊ የነበሩት አሮጊት ነርስ ዕቃ ሊወስዱ ሲያልፉ የልጅቱን ከንፈር መገርጣት አዩ። ልብሱን ቢገልጡት ከሥሯ ያለው አንሶላ በደም ርሷል። ሆዷን እያሹ ማሕፀኗ እንዲጠነክር አደረጉ፤ ዶክተሩ ተጠራ፤ እኔም መድኃኒቱንና ግሉኮሱን ይዤ ሮጥሁ። በብዙ ድካም ተረፈች። ሲነጋ የልጅቱ እናት እጄን ይዘው «ተባረኪ ልጄ፤ ልጄን ያተረፍሽልኝ አንቺ ነሽ» ብለው መረቁኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ወዲያው ወደ ነርሷ ሄጄ «ሦስተኛውን ሳልለካ ነው የጻፍሁት» አልኋቸው። አልጮኹብኝም። «ባዶውን ብትተዪው ኖሮ ባዶውን አይቼ እመጣ ነበር፤ የጻፍሽው ቁጥር ግን አዘናጋኝ» አሉኝ። በወረቀቱ ላይ «ይህ አልተለካም» ብዬ ስሜን እንድጽፍ አደረጉ፤ ልምምዱንም እንደገና ሠራሁት። ያን ጊዜ ቅጣት መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ነርስ ያደረገኝ ያ ሌሊት እንደ ሆነ አውቃለሁ።

ይህን የምነግራችሁ በከንቱ አይደለም። ከወሊድ በኋላ የሚፈስስ ደም ዛሬም በዓለም ላይ ብዙ እናቶችን የሚገድል ነው። ቅድም ያነሣኋቸው ልዕልት ፀሐይ ራሳቸው ነርስ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 በ22 ዓመታቸው ነቀምት ላይ በወሊድ ምክንያት አረፉ። ወሊድ የንጉሥን ልጅና የገበሬን ልጅ አይለይም።

ያገራችን ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የባሶ ገበያ በጎጃም ከታወቁት ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር፤ ከዓባይ ማዶ ቡናና ዝባድ ይመጣበት ነበር። ወንዝ ተሻግሮ የመጣ ነጋዴ የሚገበያየው ሚዛኑን ቢያምን ነው። የነርስም ጽሕፈት ሚዛን ነው። ተራ የሚቀበላችሁ ባልደረባ፣ መድኃኒት የሚያዝዘው ዶክተር፣ ሁሉም በዚያ ወረቀት ያምናሉ።

በመጨረሻ፣ ፈተና ብዙ እንዳለባችሁ እወቁ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ የሚማር ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ የጤና ባለሙያም ለሥራ ፈቃድ ይፈተናል። ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ፈታኝ የሌለበት የሌሊቱ ፈተና ነው። ያላያችሁትን አትጻፉ፤ ብትሳሳቱ ሳይውል ሳያድር ተናገሩ። ለዚህም ልምምድ ሆስፒታል እስክትገቡ አትጠብቁ፤ ዛሬ በዚህ ትምህርት ቤት፣ በደብተራችሁና በፈተና ወረቀታችሁ ላይ ጀምሩ።