ወገቡ የሚታጠፍ አውቶቡስና የእናቴ ባጃጅ
(ሆሳዕና ላይ ከተደረገ ንግግር)

ወገኖቼ! ቢሾፍቱ የተገጣጠሙት ተቀጣጣይ አውቶቡሶች አዲስ አበባ ላይ ከአንበሳ ጋር ሲቀላቀሉ እኔም ተሳፍሬባቸዋለሁ። ወገባቸው እንደ አኮርዲዮን ይታጠፋል፤ አንድ ሾፌር የሁለት አውቶቡስ ያህል ሰው ይዞ ይሄዳል። እሰየው! ምቀኝነት የለብኝም።

ግን የአንበሳ ቲኬት በተአምር አልረከሰም፤ የከተማው አስተዳደር ስለሚደጉመው ነው። የኛስ ሹማምንት? ሆሳዕና እኮ በ2015 ዓ.ም. የተመሰረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ናት!

እናቴ ታማ ከመናኸሪያ ወደ ንግሥት እሌኒ ሆስፒታል ስትሄድ ዝናብ ጣለ። ባለባጃጁ ዋጋውን እጥፍ አደረገው። «ካልፈለግሽ በእግርሽ!» አላት። በሰውየው አልፈርድም፤ ቤንዚኑን ማን ደጎመው?

እኛ ወገቡ የሚታጠፍ አልጠየቅንም። መናኸሪያ፣ ሆስፒታል፣ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ እያለ የሚመላለስ፣ ታሪፉ የተለጠፈበት ተራ አውቶቡስ ይበቃናል። በጀት ሲጸድቅ ይህንኑ ጠይቁልኝ!