ለተማሪው የሼል በር ይከፈትለት



ዛሬ ልናነሣው የመጣነው ጉዳይ የትምህርት ክፍላችን የሊኑክስ ሰርቨር ነው። ተማሪ በሰርቨሩ ላይ ፕሮግራሙን ጽፎ፣ አስኪዶ፣ ስሕተቱን የሚያርመው ሼል በሚባለው የትእዛዝ መቀበያ በኩል ነው። ይህ በር ግን በእኛ ዘንድ ወይ ፈጽሞ ይዘጋል፤ ወይም የፈተና ሰሞን ሲደርስ አንዱ የሩት የይለፍ ቃል ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም።

ሩት ማለት የተጠቃሚ ቁጥሩ ዜሮ የሆነ፣ የፋይል ፈቃድ የማያግደው የበላይ አዛዥ ነው። በዚህ ስም የገባ ሰው አንዲት የማጥፊያ ትእዛዝ ቢሳሳት የጓደኞቹን የመመረቂያ ሥራ ሁሉ ጠርጎ ሊያጠፋ ይችላል። ማን አጠፋው ተብሎ መዝገቡ ሲመረመርም የሚገኘው ስም ሩት ነው። ሩት ደግሞ ያን ጊዜ ሁላችንም ነን!

በሩ ቢከፈት ማሽኑ ይበላሻል የሚሉ መምህራን አሉ፤ ስጋታቸውን አናቃልልም። ነገር ግን ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በ1969 እ.ኤ.አ. በቤል ላቦራቶሪ የጀመሩት ዩኒክስ ብዙ ሰዎች በአንድ ማሽን ላይ ሳይነካኩ እንዲሠሩበት የተበጀ ነው። ሊኑክስም ይህንኑ አሠራር ተከተለ። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. ሲጀምረው የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንደ ነበረም ልብ ይሏል።

አሠራሩ ቀላል ነው። «ፓስወድ» በተባለው መዝገብ ውስጥ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ሰባት ክፍል ያለው አንድ መስመር አለ። ሰባተኛው ክፍል የሚከፈትለትን ሼል ይናገራል። በዚያ «ኖሎጊን» ከተጻፈ ባለ ስሙ ከደጅ ይመለሳል፤ «ባሽ» ከተጻፈ ይገባል። ቀድሞ ለተመዘገበ ተማሪ «ዩዘርሞድ» በሚለው ትእዛዝ ይህን ክፍል መለወጥ ይበቃል። አዲሱን በ«ዩዘርአድ» ሲመዘግቡ ግን የቤት ማኅደሩም እንዲፈጠር መጥቀስ ያስፈልጋል፤ በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ ካልጠቀሱት አይፈጠርም፤ ተማሪውም ገብቶ ቤት አልባ ይሆናል።

ስለ ቤት ማኅደር ካነሣን፦ ኡቡንቱ ከ21.04 እትም በፊት አዲስ የቤት ማኅደርን ሌላው ተጠቃሚ ሊያነበው በሚችልበት ሁኔታ ይከፍት ነበር። አሮጌ ሰርቨር ላይ የሚሠራ ሁሉ በ«ሲኤችሞድ» ፈቃዱን 700 ያድርግ፤ አለዚያ የቤት ሥራው ከእርሱ ቀድሞ መምህሩ ዘንድ ቢደርስ አይደነቅ።

ማለቂያ የሌለው ፕሮግራም አስነሥቶ ማሽኑን የሚያንቅ ቢኖርስ? የአንድ ሰው ሂደቶች ብዛት በ«ሊሚትስ» መዝገብ ይወሰናል፤ የዲስኩ ድርሻ በኮታ ይገደባል። ከተማሪ ፈቃድ በላይ የሆነ ሥራ ሲመጣ «ሱዶ» አለ፤ በራሱ ስም፣ ለተወሰነ ትእዛዝ ብቻ ይፈቀድለታል፤ ያዘዘውም ይመዘገባል።

ስለዚህ ማኅበራችን የሚጠይቀው ይህን ነው። ከሁለተኛው ወሰነ ትምህርት በፊት ለተመዘገበ ተማሪ ሁሉ በስሙ የሼል መግቢያ ይሰጠው፤ በዚያው ዕለት የሩት የይለፍ ቃል ተለውጦ በሁለት ሠራተኞች እጅ ብቻ ይቀመጥ፤ የተመረቀውም መግቢያ በጊዜው ይዘጋ። የስም ዝርዝሩን አዘጋጅተው የሚያቀርቡ በጎ ፈቃደኞች ከየዓመቱ መርጠናል፤ የሩትን ቃል አይጠይቁም።