መኪናን ለረጅም መንገድ ማዘጋጀት፦ ሳነቴን ለመሻገር
(በተመራቂዎች ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ከእራት በፊት አሥራ አምስት ደቂቃ ሰጥቶኛል። ርዕሴ መኪና ነው። ፈረንጆቹ ኦቨርላንዲንግ ይሉታል፤ ማደሪያንና ስንቅን ጭኖ፣ አስፋልት ካለቀም በኋላ ለቀናት መጓዝ ማለት ነው። እኔ የሜካኒካል ምሩቅ ብሆንም ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁት ውሃ ፓምፕ ላይ ነው። በመኪና በኩል ከሦስት ዓመት ወዲህ የጀመርኩ ጀማሪ ነኝ። የምናገረውም ለጀማሪ ነው።

ምክንያቴ እናቴ ናት። ደሎ መና ተወልዳ በአሥራ አራት ዓመቷ ወጣች፤ አሁን ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። አንድ ጊዜ አገሬን ልይ ትላለች። ጉልበቷ አይታዘዝም፣ የደም ግፊትም አለባት። ሐኪሟን ስንጠይቅ «ከፍታው ላይ አትቆዩ፣ ቶሎ እለፉ» አለን። ወንድሜ ግን «መሀል ሳነቴ ላይ መኪናው ቢቆምስ?» ብሎ ጠየቀ። ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። መኪናው ላይ የሠራሁት ሁሉ ለወንድሜ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ነው።

መንገዱን ለማታውቁት፦ ከጎባ ተነስቶ ወደ ሳነቴ አምባ ይወጣል፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ይደርስና በሐረና ጫካ አድርጎ ደሎ መና ይወርዳል። ከአናቱ እስከ ከተማው ቁልቁለቱ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ 4,377 ሜትር፣ እዚያው አጠገብ ነው።

መኪናዬ አሮጌ ላንድክሩዘር ነው፤ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው የናፍታ ሞተር። ብዙዎቻችሁ በመስክ ሥራ ጊዜ ኋላው ላይ ተጨናንቃችሁ ተቀምጣችሁበታል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን መያዝ ግድ ሆኗል። ዛሬ ቆርጠህ የምታበላሸውን ሻሲ ነገ የምትተካበት መንገድ ጠባብ ነው።

ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ከፍ ማድረግን፣ ትልልቅ ጎማን፣ የመብራት መደዳን ነው። ፎቶ ላይ ያምራል፣ አልክድም። እኔ የመጀመሪያውን ስድስት ወር ገንዘብ ያዋልኩት ማንም በማያየው ነገር ላይ ነው፦ ማኒኮቶ፣ ቺንጋ፣ ጎሚኒ፣ የፍሬን ሸራና የፍሬን ዘይት። ሶማሌ ተራ ስንት ቅዳሜ እንደዋልኩ ባለቤቴ ትመስክር። መኪናው ከፋብሪካ እንደወጣ ሳይሆን የተጨመረለት ዕቃ ሁሉ በደካማ ነገር ላይ የተቀመጠ ጌጥ ነው።

ስለ ፍሬን ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ያሉ መምህራን ይህን ስሌት ስንት ጊዜ አሠርተውናል! ሦስት ቶን የሚመዝን መኪና 2,500 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 73 ሜጋ ጁል ገደማ ነው። ይህ አንድ በርሜል፣ ማለትም 200 ሊትር ውሃ፣ ከ20 ዲግሪ ወደ 100 ዲግሪ ያደርሳል። እንግዲህ ያ ሁሉ ሙቀት በአራት ጎማ ፍሬን ላይ ይውጣ ብትሉ ምን እንደሚሆን አስቡት። ዘይቱ አሮጌ ከሆነና እርጥበት ከጠጣ ይፈላል፤ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ከባድ ማርሽ ማስገባት፣ ሞተሩ ይዞ እንዲያወርድ ማድረግ፣ ፍሬንን አልፎ አልፎ ብቻ መጠቀም። የጭነት መኪና ሾፌሮች ይህን ያለ ስሌት ያውቁታል።

ከዚያው ስሌት ሁለተኛው ጉዳይ ይወጣል፤ ክብደት። ሊብሬያችሁን አውጡና የተፈቀደውን ጭነት እዩ። ከዚያ መኪናውን ከነሙሉ ዕቃው፣ ከነሰዎቹ፣ የምድር ሚዛን ላይ አውጡት። አምስት ሰው፣ ስልሳ ሊትር ውሃ፣ ሁለተኛ ባትሪ፣ ስኮርታ፣ የጣሪያ ድንኳን ሲደመር ጣጣው ይታያል። የጣሪያ ድንኳን ብቻውን ስልሳ ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ ፖርቶ መጋላ ላይ ሲወጣ ደግሞ የመኪናውን የክብደት ማዕከል ከፍ ያደርጋል፤ ሐረና ጠመዝማዛ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። አንድ ጓደኛችን ገዛልኝ ብሎ ሲያሳየኝ «እናቴ በመሰላል ትወጣለች እንዴ?» አልኩት። እኔ የኋላውን ወንበር አስነስቼ ሰው ተዘርግቶ የሚተኛበት ጠፍጣፋ ሳንዱቅ በእንጨት አሠራሁ፤ ከሥሩ ድስቱ፣ ቡታ ጋዙና ውሃው ይገባሉ። ከባዱ ነገር ታች፣ ቀላሉ ላይ። መግቢያው ላይ ደግሞ ለእማዬ የሚታጠፍ መርገጫ አስበየድኩ። ከሁሉ ሥራዬ የምወደው እሱን ነው።

ባሌስትራውን ከተመዘነው ክብደት ጋር የሚስማማ አስገባሁ፤ ቁመቱ የጨመረው ጥቂት ብቻ ነው። ጎማ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ፤ ግን መጠኑን ከፋብሪካው አታርቁ። ትልቅ ጎማ ማርሹን ያከብደዋል፣ ፍሬኑንም ያደክመዋል። የአየር መለኪያና በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መንፊያ ያዙ። ድንጋያማ ጠጠር መንገድ ላይ ትንሽ አየር ማስተንፈስ ለወገብም ለጎማም ምሕረት ነው፤ አስፋልት ስትገቡ ግን ሳትነፉ እንዳትፈጥኑ፣ ጎማው ይግላል።

አንድ መካኒክ «ጌታዬ፣ ፖምፓውን ልክፈትልህ፣ ጉልበት ይኖረዋል» አለኝ። አመስግኜ እምቢ አልኩ። 4,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ የባሕር ወለሉን ስድስት አሥረኛ ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ አየር ያጥረዋል፤ ናፍታ ብንጨምርለት የሚጨምረው ጥቁር ጭስና ሙቀት ነው። ዳገቱን በቀስታ መውጣት ነው እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም። (በነገራችን ላይ እዚያ ውሃ 87 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ምስር ቀቅላችሁ እበላለሁ ካላችሁ ትዕግሥት ያዙ።)

ጭቃ ውስጥ ለሚገባ፦ መጎተቻ ገመድን በተሳቢ መንጠልጠያ ኳስ ላይ በፍጹም አታስሩ። ኳሱ ከተሰበረ እንደ ጥይት ይወረወራል፤ ሰው ይገድላል። ሻሲ ላይ በቡሎን የታሰረ ትክክለኛ መንጠቆ ይኑራችሁ፣ ሲጎተትም ሰው ሁሉ ራቅ ይበል። የገጠር ሰው ለመርዳት ከቧል፣ ልጆች ይሰበሰባሉ፤ መጀመሪያ እነሱን ዞር ማድረግ የናንተ ፋንታ ነው።

ሳነቴ ላይ ከመንገድ አትውጡ። መሬቱ ሥር የፍልፈሉ ጉድጓድ ነው፣ የቀይ ቀበሮው ምግብ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ባለ አራት ጎማ ጉልበት እዚያ ማሳያ አይደለም።

ባለፈው ጥር ሄድን። ጎባ አድረን በጠዋት ተነሳን፤ አምባው ላይ የቆምነው ለአሥር ደቂቃ ነው። እናቴ አብዛኛውን ተኝታ አለፈችው። ሐረና ስንገባ ተነስታ ተቀመጠችና መስኮቱን አስከፈተችኝ። «ሽታው ያው ነው» አለች። ወንድሜም ከፊት ወንበር ሆኖ ካርታ ይመራ ነበር።

በመጪው ጥር ሦስት መኪና ሆነን በዚያው መንገድ ልንሄድ አስበናል። መምህራንን አንድ ነገር እለምናለሁ። ሁለት ወንበር ለሜካኒካል ተማሪዎች ይዘናል። የሙቀት መለኪያ ይዘው ይምጡና በቁልቁለቱ ላይ የፍሬኑን ሙቀት በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ይመዝግቡልን፤ አንዱ መኪና በሞተር፣ ሌላው እንደተለመደው እየወረደ። ስምና ስልክ የምትሰጡት ለኮሚቴው ጸሐፊ ነው። ስንቁና ማደሪያው በእኛ ነው፤ ቡናውን ሐረና እንገዛለን።