ብርሃን ሲያንስ ፊት እንዳይጠፋ

(ለንባብ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ፎቶግራፍ አነሣሥ ነው። «ይህማ የባለሙያ ሥራ ነው» የሚል አይጠፋም። ግን ዛሬ ባለ ካሜራ ስልክ በኪሱ ያልያዘ ስንቱ ነው? ስለዚህ ነገሩ ሁላችንንም ይመለከታል።

በመጀመሪያ የራሳችንን ጥፋት እንንገራችሁ። አንድ ቀን ጎረቤታችን ቡና ጠርታን ካሜራችንን ይዘን ሄድን። አሮጊት እናቷ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ቡና ይቆላሉ። ቤቱ ጨለም ያለ ነው፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው። «እስቲ እማማን አንሡልኝ» አለችን። እማማም ቀና ብለው ሣቁ፤ አነሣናቸው። ፎቶው ሲታይ ግን ፊታቸው ተዛብቷል፤ ዓይናቸው የት እንዳለ እንኳ አይለይም። «ግድ የለም፣ ሌላ ቀን እናነሣቸዋለን» አልን። ሌላ ቀን አልመጣም። እማማ በዚያው ክረምት ዐረፉ። ልጃቸው ለመታሰቢያ ፎቶ ብትፈልግ የተገኘው ያው የተዛባው ብቻ ሆነ።

ጥፋቱ የካሜራው ነው? አይደለም፤ የእኛ አለማወቅ ነው። ታዲያ ያላወቅነው ምኑን ነው? ሁለት ነገሮችን ነው።

አንደኛው የመዝጊያው ጊዜ ነው። ካሜራ እንደ ቤት መዝጊያ አለው፤ ባለሙያዎች ሸተር ይሉታል። ስንጫነው ይከፈታል፤ ብርሃን ይገባል፤ ተመልሶ ይዘጋል። በስልክ ውስጥ ይህ ሥራ የሚከናወነው በኤሌክትሪክ ነው፤ ደንቡ ግን ያው ነው። ጊዜው የሚለካው በሰከንድ ክፍልፋይ ነው፦ 1/30፣ 1/60፣ 1/125፣ 1/250፣ 1/500 እያለ ይሄዳል። በየእርምጃው ጊዜው በግማሽ ያህል ያጥራል፤ የሚገባው ብርሃንም በግማሽ ይቀንሳል።

መዝጊያው ክፍት ሳለ የተንቀሳቀሰ ነገር ይዛባል። እስቲ እናስላው። በሰከንድ አንድ ሜትር ተኩል የሚራመድ ሰው በ1/30 ሰከንድ ውስጥ 5 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። በ1/500 ሰከንድ ግን 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የያዝነው እጅ ቢንቀጠቀጥም እንደዚሁ ነው፤ ያን ጊዜ የሚዛባው ሰውየው ብቻ ሳይሆን ግድግዳውም ጭምር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1838 ዳጌር የተባለ ፈረንሳዊ የፓሪስን አንድ ጎዳና አንሥቶ ነበር። ያን ጊዜ ለአንድ ፎቶ ደቂቃዎች ያስፈልጉ ነበር። በመንገዱ የሚተላለፈው ሕዝብና ጋሪ ሁሉ ከፎቶው ጠፋ። ጫማውን ያስጠርግ የነበረ የሚመስል አንድ ሰው ግን፣ አንድ ቦታ ስለ ቆመ፣ ምስሉ ቀረ። የቆመ ይቀራል፤ የሄደ ይጠፋል።

ሁለተኛው አይ.ኤስ.ኦ. የሚባለው ቁጥር ነው። በፊልም ዘመን፣ ፊልሙ ለብርሃን ምን ያህል ቶሎ እንደሚነካ ያመለክት ነበር። በዲጂታል ካሜራ ደግሞ የገባው ብርሃን ምን ያህል ጎልቶ እንደሚታይ ይወስናል። 100፣ 200፣ 400፣ 800፣ 1600፣ 3200 እያለ በእጥፍ ያድጋል። ነገሩ የራዲዮን ድምፅ እንደ መጨመር ነው። ከሩቅ የሚመጣ ጣቢያ ሲደክም ድምፁን ከፍ እናደርጋለን፤ ወሬው ይሰማል፤ ሽሽታውም አብሮ ይጨምራል። አይ.ኤስ.ኦ.ም ከፍ ሲል ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል።

አሁን ወደ እማማ እንመለስ። ቁጥሩን ደጅ ለፀሐይ እንዳደረግነው በ100 ላይ ትተነው ነበር። ካሜራው ብርሃን ቢያጣ መዝጊያውን ለ1/4 ሰከንድ ከፍቶ ቆየ። በዚያች ቅጽበት እማማ ሣቁ፤ የእኛም እጅ ተንቀጠቀጠ። ቁጥሩን አራት ጊዜ እጥፍ አድርገን 1600 ብናደርሰው ኖሮ፣ የሌንሱን ቀዳዳ ሳንነካ፣ 1/60 ሰከንድ ይበቃ ነበር። 3200 ብናደርገው ደግሞ በ1/125 ይነሣ ነበር። ፎቶው ሻካራ ይሆናል፤ የእማማ ሣቅ ግን ይቀር ነበር። እኛ ይህን የተማርነው ዘግይተን ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብን።

እንግዲህ ምክራችን ይህ ነው። ብርሃን ሲያንስ በቅድሚያ ሰውየውን ወደ በሩ ወይም ወደ መስኮቱ አስጠጉት። ክርናችሁን ከጎናችሁ አጣብቁ፤ ወይም ግድግዳ ተደገፉ። ይህ ካልበቃ አይ.ኤስ.ኦ.ውን ከፍ ለማድረግ አትፍሩ። ሻካራ ፊት ፊት ነው፤ ሰውየው ማን እንደሆነ ይታወቃል። የተዛባን ፊት ግን መልሶ የሚያቃና የለም።

ዛሬውኑ ወላጆቻችሁን አንሡ። ካነሣችሁ በኋላም ፎቶውን አጉልታችሁ ዓይናቸውን ተመልከቱ። ከተዛባ «ሌላ ቀን» አትበሉ፤ እዚያው ድገሙት።

መልመጃ

1. በሩ አጠገብ አንድ ሰው ከጆግ ውሃ ያንቆርቁር። መጀመሪያ በ1/30 ሰከንድና በ100፣ ቀጥሎ በ1/1000 ሰከንድና በ3200 አንሡ። የውሃው መልክ በምን ይለያያል?
2. በሁለቱ ፎቶዎች ላይ ብርሃኑ ተቀራራቢ የሆነው ለምንድን ነው?
3. በፎቶው ላይ ግድግዳው ጥርት ብሎ ሰውየው ብቻ ቢዛባ፣ የተንቀሳቀሰው ማን ነው?