መስመሩ ለሁሉም እኩል ይሁን

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ውድ አድማጮች! የዛሬው ርእሳችን ኢንተርኔት ነው። «ይህ ነገር ከኢማም ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ከጭሮ፣ ከሂርና፣ ከገለምሶና ከበዴሳ ልጇን ወደ ዐረብ አገር የላከች እናት ድምፁን የምትሰማው በዚሁ መስመር ነው። ተማሪው የሚያጠናበት፣ ነጋዴው የቡናና የሽንኩርት ዋጋ የሚጠይቅበት፣ ብዙ ሰው የዲን ትምህርት የሚከታተልበት ይኸው የእጅ ስልክ ነው። የብዙ ሰው ሐቅ ያለበት ጉዳይ ደግሞ እኛንም ይመለከተናል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎች በውሃ፣ በግጦሽና በእሳት ተጋሪ መሆናቸውን አስተምረዋል። ወደ መዲና በተሰደዱ ጊዜም የሩማ ጉድጓድ ውሃ በገንዘብ ይሸጥ ነበር። ዑሥማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ) ጉድጓዱን በገንዘባቸው ገዝተው ለሕዝቡ ወቅፍ አደረጉት። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ የገዙት ሰው እንኳ ለራሳቸው የተለየ ድርሻ አላስቀሩም፤ ባልዲያቸው ከሌላው ባልዲ እኩል ነበር። ሁለተኛ፣ ጉድጓዱ የአንድ ሻጭ መሆኑ ቀርቶ የሕዝብ ሆነ።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ባለሙያዎች «የኢንተርኔት ገለልተኝነት» የሚሉት ነገር አለ። ይኸውም መስመሩን የሚያቀርበው ድርጅት የሚያልፈውን እየመረጠ አንዱን አያፈጥንም፣ ሌላውን አያዘገይም፣ አይዘጋም ማለት ነው። ከሚኤሶ ወደ ጭሮ የሚመጣውን መንገድ አስቡት። ኬላ ላይ ያለ ሰው የወዳጁን አይሱዙ አሳልፎ የሌላውን ሽንኩርት ፀሐይ ላይ ቢያቆመው፣ በደል መሆኑን ለማወቅ ኪታብ መቅራት አያስፈልግም። ድርጅቱ ለደከመበት አገልግሎት ዋጋ ቢጠይቅ ሐላሉ ነው። አድልዎ ግን ሌላ ነገር ነው፤ አማና የተቀበለ ሰው ዕቃውን ያደርሳል እንጂ አይመርጥም።

«በነጻ ቢሰጡንስ?» ይባል ይሆናል። ፌስቡክ በሕንድ አገር «ፍሪ ቤዚክስ» የሚባል፣ የተመረጡ ገጾችን ብቻ በነጻ የሚያሳይ አገልግሎት አቅርቦ ነበር። የአገሪቱ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ ግን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 እንደ ይዘቱ እየለዩ የተለያየ ዋጋ ማስከፈልን ከለከለ። ነገሩን ስናጤነው እውነት አለው። ድኃው ሌሎች የመረጡለትን ብቻ ያያል፤ ትንሹ ነጋዴና ትንሹ መድረሳም ከነጻው ዝርዝር ውጭ ይቀራሉ።

በአገራችን ያየነው ደግሞ መዝጋቱን ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጧል። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው እስከ ሐምሌ ቆይተዋል። ለመዝጋት የሚቀርበው ምክንያት ሁከትንና የሐሰት ወሬን መከላከል ነው። ይህን አናቃልለውም፤ ፊትና ሕይወት ያጠፋል፣ ዲናችንም ወሬን ሳናጣራ እንዳንቀበል አዞናል። ነገር ግን አንድ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ቆሻሻ ቢጥል የሚያዘው ጣዩ ነው፤ መንደሩ በሙሉ በውሃ ጥም አይቀጣም። የታመመች እናቱን ወሬ ጅዳ ሆኖ የሚጠብቅ ልጅ ምን አጠፋ? ከዚህም በላይ መስመሩ ሲዘጋ ወሬው በአፍ መሄዱን አያቆምም፤ ወሬውን ሊያስተባብል የሚችለው ሽማግሌና ዓሊም ግን ዝም ይላል።

ሁለተኛው ነጥብ ባለቤትነት ነው። አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የቴሌኮም ዘርፉን ለውድድር ከፍቷል፤ ሳፋሪኮምም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሙከራውን የጀመረው በጎረቤታችን በድሬዳዋ ነው። ይሁን እንጂ ነጋዴ የሚቀድመው ትርፍ ወዳለበት ነው፤ ራቅ ያለው የገጠር ቀበሌ ተራውን ይጠብቃል። በደቡብ አፍሪካ በማንኮሲ የሚኖሩ ገበሬዎች ግን አልጠበቁም። «ዘንዘሌኒ» የተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የራሳቸውን መረብ ዘረጉ። በስፔን ካታሎንያም እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው «ጊፊ» የተባለ የሕዝብ መረብ ዛሬ ከ30 ሺህ በላይ ጣቢያዎች አሉት።

እኛስ? እኛ አፎሻ አለን። ለቀብርና ለችግር ሳንቲም አዋጥቶ፣ ሒሳቡን ተቆጣጥሮ መኖርን ከአባቶቻችን ወርሰናል። በእርግጥ ያለ ፈቃድ መስመር ዘርግቶ ለሌላው መሸጥ በሕግ ያስጠይቃል፤ ወደዚያ አንሂድ። መጀመሪያ አፎሻው፣ መድረሳውና የወላጆች ኮሚቴ ተጋግዘው አንድ መደበኛ መስመር ለተማሪዎች ቤተ መጻሕፍት ያስገቡ። ቀጥሎም የማኅበረሰብ መረብ የሚፈቀድበት በር እንዲከፈት ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በጽሑፍ ያመልክቱ። ሒሳቡ በየወሩ በግልጽ ይለጠፍ። የኮሚቴው ልጅና የጫኝ አውራጁ ልጅ በአንድ ወረፋ ይቀመጡ፤ የክርስቲያን ጎረቤታችን ልጅም እንዲሁ። ውሃ የሚቀዳ ሰው ማንነቱ አይጠየቅም።

አላህ (ሱ.ወ) ሐቅን ለባለሐቁ ከሚያደርሱት ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።